«ቤድ» ለምን «ቤት» ይሆናል? ስለ ሆላንዳውያን አክሰንት ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ለትምህርትና ለሥራ ወደ ሆላንድ ለሚጓዙ ኢትዮጵያውያን ታስቦ የተዘጋጀ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን አነበብሁ። ጸሐፊው የሚሉት በአጭሩ ይህ ነው፤ ሆላንዳውያን እንግሊዝኛ ሲናገሩ የሚሰማው አክሰንት ጥቂት ፊደላትን በሌሎች ፊደላት ከመተካት የዘለለ ስላልሆነ፣ የመተኪያውን ሰንጠረዥ በቃሉ የያዘ ሰው በአንድ ሳምንት ይለምደዋል፤ አማርኛ ተናጋሪ ደግሞ «ጥ»ን እና «ኸ»ን በአፉ ይዞ ስላደገ ከማንም የተሻለ ዕድል አለው፤ ስለዚህ የእንግሊዝኛን አጠራር መለማመድ ጊዜ ማባከን ነው፣ መስማት ብቻ ይበቃል፤ አክሰንቱን በአፍ እያስመሰሉ መለማመድማ በሰው አነጋገር ከማላገጥ አይለይም። የጽሑፉን ዓላማ እደግፋለሁ፤ መምህሩ የሚናገረውን ለመከታተል ግማሽ ጉልበቱን የሚጨርስ ተማሪ ለትምህርቱ የሚተርፈው ግማሹ ብቻ ነውና። ሆኖም ከአራቱ ነጥቦች ሦስቱን ስሕተት፣ አራተኛውን ደግሞ ግማሽ እውነት ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ወደ ነጥቦቹ ከመግባቴ በፊት ስለ አንድ ቃል ልናገር። ጸሐፊው አክሰንት ለሚባለው ነገር ሁሉ «ቅላጼ» የሚለውን ቃል ተጠቅመዋል። እኔ ግን «ቅላጼ»ን ለድምፅ መውጣትና መውረድ ብቻ እተወዋለሁ፤ ተናባቢውንም፣ አናባቢውንም፣ ቅላጼውንም አንድ ላይ ስጠራ «አክሰንት» እላለሁ። ልዩነቱ ቃል መሰንጠቅ እንዳልሆነ በኋላ ይታያል።

የመጀመሪያው ነጥብ የፊደል መተኪያ ሰንጠረዥ ነው። ጸሐፊው አራት መስመሮች ያሉት ሰንጠረዥ አቅርበዋል፤ የእንግሊዝኛው ቲ-ኤች «ት» ወይም «ድ» ይሆናል፣ ደብልዩ «ቭ» ይሆናል፣ በቃል መጨረሻ ያለ ነዛሪ ድምፅ (የድምፅ ጅማቶች የሚርገበገቡበት) ኢነዛሪ (የማይርገበገቡበት) ይሆናል፣ ማለትም «ድ» ወደ «ት»፣ «ብ» ወደ «ፕ»፣ «ዝ» ወደ «ስ» ይለወጣል፣ «ግ» ደግሞ «ኸ» ይሆናል። ከእነዚህ መካከል ሦስተኛው መስመር እውነት አለው፤ እኔ ራሴ ትምህርቱን የተማርሁት በራሴ ላይ በደረሰ ነገር ነው። በሆላንድ የውሃ ምህንድስና ስማር አንድ መምህር በተደጋጋሚ «ሪቨር ቤት» ይሉ ነበር። የአማርኛ ጆሮ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚያስብ መንገር አያስፈልግም፤ ወንዙ የሚያድርበት ቤት ያለው ይመስል፣ ለጥቂት ጊዜ የሆነ የሙያ ቃል ነው ብዬ በማስታወሻዬ ላይ እንደሰማሁት ጽፌው ነበር። መምህሩ ያሉት «ሪቨር ቤድ» ነው፤ ውሃው የሚፈስበት የወንዝ ወለል።

ጸሐፊው ያልነገሩን ይህ ለምን እንደሚሆን ነው፤ ምክንያቱ ካልታወቀ ደግሞ ሰንጠረዡ መንገድ ላይ ይጥላል። ሆላንዳዊው በቃል መጨረሻ «ድ»ን «ት» የሚያደርገው እንግሊዝኛ ስለማያውቅ አይደለም፤ በራሱ ቋንቋም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። አልጋ በደችኛም፣ በሆላንዳውያን ቋንቋ፣ እንደ እንግሊዝኛው «ቤድ» ተብሎ ይጻፋል፣ ሲነበብ ግን «ቤት» ነው፤ ብዙ ቁጥር ሲሆንና አናባቢ ሲከተለው «ድ»ዋ ተመልሳ ትመጣለች፣ «ቤደን» ይባላል። ውሻም እንዲሁ ነጠላው «ሆንት»፣ ብዙው «ሆንደን» ነው። አማርኛ ይህ ሕግ የለውም፤ «ሆድ»፣ «ልብ»፣ «በግ» ስንል የመጨረሻው ድምፅ ነዛሪነቱን ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ለእኛ ስሕተት የሚመስለው ነገር ለእነርሱ የአፍ ሥርዓት ነው።

ያ ሥርዓት በአንድ አቅጣጫ ብቻ አይሄድም። በደችኛ መሐረብ ሲጻፍ «ዛክዱክ» የሚያስብሉ ፊደላት አሉት፣ ሲነገር ግን «ዛግዱክ» ነው፤ «ክ» ከፊቱ ነዛሪዋን «ድ» ስላገኘ ራሱም ነዛሪ ይሆናል። (ደችኛ በራሱ ቃላት ውስጥ የእኛን «ግ» የሚያወጣው እንዲህ ባለ ቦታ ነው፤ ይህን ለሁለተኛው ነጥብ ያዙልኝ።) ሆላንዳዊው እንግሊዝኛ ሲናገርም ይህ ልማድ አብሮት ይሄዳል፤ ጥቁር ሰሌዳን «ብሌግቦርድ» ሊል ይችላል። ጸሐፊው ባቀረቡት ሰንጠረዥ ነዛሪው ኢነዛሪ ሲሆን እንጂ ኢነዛሪው ነዛሪ ሲሆን አናይም። ደብልዩም ብቻውን የቆመ ነገር አይደለም። የደችኛው ደብልዩ የታችኛው ከንፈር የላይኛውን ጥርስ ሳይፈትግ ጠጋ ሲል የሚወጣ ለስላሳ ድምፅ ነው፤ እንግሊዛዊ ጆሮ ወደ «ቭ» ይወስደዋል። በሰሜን ሆላንድ፣ በተለይ በአምስተርዳም አካባቢ ደግሞ «ቭ» ራሷ ወደ «ፍ» ታደላለች፣ «ዝ»ም ወደ «ስ»። ስለዚህ «ዌሪ» የነበረው «ቬሪ»፣ «ቬሪ» የነበረው ደግሞ «ፌሪ» እየመሰለ አንዱ ድምፅ ሌላውን እየገፋ ይሄዳል። በአራት መስመር ሰንጠረዥ ውስጥ ይህ መገፋፋት አይታይም።

ከሁሉ የከፋው ግን ሰንጠረዡ አንድም አናባቢ የሌለበት መሆኑ ነው። እንግሊዝኛ «መጥፎ»፣ «የሌሊት ወፍ»፣ «አልጋ» እና «ውርርድ» ለሚሉት አራት የተለያዩ ቃላት አሉት፣ «ባድ»፣ «ባት»፣ «ቤድ» እና «ቤት»፤ በመጨረሻ ድምፃቸውና በአናባቢያቸው ይለያያሉ። ደችኛ በ«ኣ» እና በ«ኤ» መካከል ያለችውን የእንግሊዝኛ አጭር አናባቢ ስለማያውቃት ወደ «ኤ» ያስጠጋታል፤ በዚህ ላይ የመጨረሻው ድምፅ ኢነዛሪ ሲሆን አራቱም ቃላት አንድ «ቤት» ሆነው ይቀራሉ። በአምስተርዳም የከተማ ባቡር «ትሬም» ነው፤ ያው ቃል በቤልጅየም አንትወርፕ «ትራም» ይባላል። እኛ ደግሞ ያችኑ የእንግሊዝኛ አናባቢ በተቃራኒው ወደ «ኣ» እንወስዳታለን፤ የእኛ «ማናጀር» የእነርሱ «ሜነጀር» ነው፣ እኛ «ባጅ» የምንለውን እነርሱ በ«ኤ» ይሉታል። ከእንግሊዝኛው ድምፅ ተነሥተን እኛ ወደ ግራ፣ እነርሱ ወደ ቀኝ ስለምንሄድ በመካከላችን ያለው ርቀት እጥፍ ይሆናል። አንድ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ከእንግሊዛዊ ይልቅ ሆላንዳዊን ለመስማት የሚቸገርበት ቦታ ካለ፣ በእኔ ግምት በተናባቢዎቹ ሳይሆን እዚህ ላይ ነው።

ጸሐፊው ሌላም ነገር በአንድ ከረጢት ከተውታል። ለምሳሌነት የእግር ኳስ አሠልጣኞችን ቃለ መጠይቅ መስማትን ይመክራሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2016 የማንቸስተር ዩናይትድ አሠልጣኝ የነበሩትን ሉዊ ቫን ኻልንም ይጠቅሳሉ። እሳቸው በእንግሊዝ ጋዜጠኞች ዘንድ የታወቁት ግን ከአጠራራቸው ይልቅ የደችኛን አባባል ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ በማዞራቸው ነው። ሆላንዳውያን ለዚህ የራሳቸው ስም አላቸው፤ «ስቴንኮለን እንግሊዝኛ» ይሉታል፣ የድንጋይ ከሰል እንግሊዝኛ እንደ ማለት፤ ቃሉም የሮተርዳም ወደብ ሠራተኞች ከእንግሊዝ የከሰል መርከበኞች ጋር ከሚግባቡበት ቋንቋ ጋር ይያያዛል። «ይህንን ለድመቷ አሳምናት» የሚለውን የደችኛ አባባል ማለትም «እኔን አታታልለኝም» ለማለት የሚነገረውን፣ እንከን በሌለው የለንደን አጠራር በእንግሊዝኛ ቢሉትም የከሰል እንግሊዝኛነቱ አይለቅም። ያ የትርጉም ጉዳይ እንጂ የአክሰንት ጉዳይ አይደለም።

በተጨማሪም «የሆላንዳውያን አክሰንት» ተብሎ የቀረበው አንድ ብቻ መስሏል። ራይን፣ ዋል እና ማስ ከሚባሉት ወንዞች በስተሰሜን ያለ ሰው፣ በደቡብ ያለው የሊምበርግ ሰውና ደችኛ የሚነገርበት የቤልጅየም ክፍል፣ የፍላንደርስ ሰው፣ እንግሊዝኛ ሲናገሩ አይመሳሰሉም። በሂልቨርሰም ዙሪያ፣ የብሔራዊው የሬዲዮና የቴሌቪዥን ተቋማት በሚገኙበት በኾይ አውራጃ ስም የሚጠራ የ«ር» አነጋገር አለ፤ በቃል መጨረሻ ሲመጣ የአሜሪካኖችን «ር» ስለሚመስል፣ ወጣት ተናጋሪዎቹን ለአፍታ አሜሪካ የኖሩ ያስመስላቸዋል።

ሁለተኛው ነጥብ «ጥ» እና «ኸ» ናቸው። ይህኛው በጽሑፉ ውስጥ እጅግ የሚያስደስት፣ እጅግም የሚያሳስት ክፍል ነው። ጸሐፊው «የሆላንዳውያን ት ደረቅ ስለሆነ የእኛው ጥ ናት» ይላሉ። ደረቅ መሆኗ ትክክል ነው። እንግሊዛዊ በቃል መጀመሪያ ፒ፣ ቲ እና ኬ ሲል ድምፁን ተከትሎ ትንፋሽ ይወጣል፤ ስስ ወረቀት ከአፍ ፊት ቢያዝ ይርገበገባል። ሆላንዳዊ ሲል ወረቀቱ ብዙም አይነቃነቅም፤ በዚህም የተነሣ እንግሊዛዊ ጆሮ የሆላንዳዊን «ፒን» አንዳንዴ «ቢን» አድርጎ ይሰማዋል። ነገር ግን ትንፋሽ የሌለው «ት» ሁሉ «ጥ» አይደለም። «ጥ» ፈንጂ ድምፅ ነው፤ ስንለው ጉሮሯችን ላይ ያሉት የድምፅ ጅማቶች ይዘጋሉ፣ ከሳንባ የሚመጣ አየር የለም፣ በአፍ ውስጥ የታሰረው አየር ብቻ ተጨምቆ ይፈነዳል። የሆላንዳውያን «ት» ግን ከሳንባ በሚመጣ አየር የሚወጣ ተራ «ት» ነው፤ የጎደለው ጭማሪው ትንፋሽ ብቻ ነው። የጸሐፊውን ምክር የተከተለ ሰው የሚያወጣው የሆላንዳዊ አክሰንት ሳይሆን የአንኮበር ወይም የጎንደር አክሰንት ይሆናል። አሜሪካዊው የንግግር ድምፅ ተመራማሪ ጀምስ ፍሌጅ እ.ኤ.አ. በ1995 ባቀረበው ንድፈ ሐሳብ ያስረዳው ይህንኑ ወጥመድ ነው፤ ጨርሶ እንግዳ የሆነ ድምፅ ለጆሮ ጎልቶ ስለሚታይ በጊዜ ብዛት ይለመዳል፣ ከራስ ቋንቋ ድምፅ ጋር የሚቀራረብ ድምፅ ግን «ይህንስ አውቀዋለሁ» እየተባለ ሳይለመድ ይቀራል።

«ኸ»ን በተመለከተ ሁለት ችግር አለ። አንደኛ፣ ዛሬ አብዛኛው አማርኛ ተናጋሪ «ኸ»ን ሲያነብ የሚያወጣው «ሀ»ን ነው፤ ከትናጋ አካባቢ የሚፈተገውን ድምፅ የሚያውቀው የትግርኛ ተናጋሪ ወገናችን ነው። ሁለተኛውና ዋናው ግን ያ የሚፈተግ ድምፅ ያለው በደችኛ እንጂ በሆላንዳውያን እንግሊዝኛ ውስጥ እምብዛም አለመሆኑ ነው። የተማረ ሆላንዳዊ በእንግሊዝኛ «ጉድ» ለማለት ሲፈልግ ከጉሮሮው አይፈትግም፤ «ግ»ን ከ«ዛግዱክ»ም፣ ከእንግሊዝኛ ከተወሰደው «ጎል»ም ያውቃታል፤ ቢያጎድል ወደ «ክ» የቀረበች አድርጎ ይላታል፣ በቃል መጨረሻ ደግሞ «ቢግ»ን «ቢክ» ይላል። እንግሊዝኛን በ«ኸ» እየሞሉ የሚናገሩ ሆላንዳውያን የሚገኙት ባብዛኛው በቀልደኞች አፍ ላይ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ «መስማት ይበቃል፣ የእንግሊዝኛን አጠራር መለማመድ አያስፈልግም» የሚለው ሲሆን፣ ይህን ምላሽ እንድጽፍ ያነሣሣኝም እሱ ነው። አክሰንት በሁለት ነገሮች መካከል ያለ ርቀት ነው፤ የአንደኛውን ጫፍ የማያውቅ ሰው ርቀቱን ሊለካው አይችልም። የእንግሊዝኛውን አጠራር በአፋችን ካልለመድነው የምንለካው በራሳችን አክሰንት ነው፤ ያኔ ሁለት ነገር ይደርስብናል። ከሆላንዳዊው ጋር በምንመሳሰልበት ቦታ ጭራሽ አንሰማውም፤ እኛም ቲ-ኤችን «ት» ወይም «ዝ» ስለምናደርግ እሱ «ቲንክ» ሲል ምንም አይታየንም። በምንለያይበት ቦታ ደግሞ አጋንነን እንሰማዋለን፤ አማርኛ ጥርት ያለ «ው» ስላለው፣ የሆላንዳዊውን ለስላሳ ደብልዩ በቀጥታ «ቭ» ብለን እንፈርጀዋለን፣ ጸሐፊውም በሰንጠረዣቸው ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ጆሮ የራሱን ቋንቋ ይዞ እንደሚሰማ ሆላንዳውያን ራሳቸው የተጠኑበት አንድ ሥራ በግልጽ ያሳያል። አንድሬያ ዌበርና አን ከትለር በሆላንዷ የኔይሜኸን ከተማ በሚገኘው የማክስ ፕላንክ የቋንቋ ሥነ ልቦና ተቋም ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ ሆላንዳውያን አድማጮች ሥዕሎች ፊት ተቀምጠው የእንግሊዝኛ ቃላት ሲሰሙ የዓይናቸው እንቅስቃሴ ተመዘገበ። «ፓንዳ» የሚለው ቃል መሰማት ሲጀምር ዓይናቸው ወደ እርሳሱ፣ ወደ «ፔንስል» ሥዕል ይሳብ ነበር፤ «ፔንስል» ሲባል ግን ወደ ፓንዳው አይሄድም። በሚገባ እንግሊዝኛ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው፤ በሕይወታቸው ሁሉ ሲሰሙት የኖሩት ቋንቋ ነው፤ ነገር ግን መስማት ብቻ ያችን አናባቢ አላስያዛቸውም። እኛን በምን ተአምር ያስይዘናል?

ሌላው የኔይሜኸን ጥናት ደግሞ በቀጥታ የጸሐፊውን ምክር ይፈትናል። ፓቲ አዳንክ፣ ፒተር ሃኾርትና ሃሮልድ ቤከሪንግ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ሥራ የደችኛን አናባቢዎች በማለዋወጥ ማንም የማያውቀው አክሰንት ፈጠሩ። ከዚያም አድማጮችን በቡድን ከፍለው አንዱን ቡድን ያለ ሥልጠና ተዉት፣ ሌላው እንዲሰማ ብቻ፣ ሌላው በራሱ አክሰንት እንዲደግም፣ ሌላው የሰማውን እንዲጽፍ፣ ሌሎቹ ደግሞ አክሰንቱን በአፋቸው እንዲያስመስሉ አደረጉ። በጫጫታ ውስጥ የተነገረውን ያንን አክሰንት መረዳታቸው የተሻሻለው ያስመሰሉት ሰዎች ናቸው፤ የሚገርመው፣ የራሳቸውን ድምፅ እንዳይሰሙ በጫጫታ ተሸፍነው ያስመሰሉትም ተሻሽለዋል። ዝም ብለው የሰሙት ግን ይህን ትርፍ አላገኙም።

ስለዚህ ልምምዱ በአፍ፣ ያውም ከእንግሊዝኛው መጀመር ይኖርበታል። ከየት እንደሚጀመር ከተጠየቅሁ፣ ብዙዎች የማያስተውሏትን የአናባቢ ርዝመት አስቀድማለሁ። እንግሊዛዊ «አልጋ»ን ከ«ውርርድ» የሚለየው በመጨረሻዋ «ድ» እና «ት» ብቻ አይደለም፤ ከነዛሪ ድምፅ በፊት አናባቢውን ያስረዝመዋል፣ ከኢነዛሪ በፊት ያሳጥረዋል። እኛ «ድ»ን ጥርት አድርገን ብንልም አናባቢውን አናስረዝምም፤ ሆላንዳዊው ሁለቱንም አያደርግም። አንድ ሰው ይህን ልዩነት ለጥቂት ሳምንታት በአፉ ከለመደ በኋላ ሆላንዳዊን ሲሰማ «ድ»ዋ ብቻ ሳትሆን ርዝመቱም እንደጎደለ ያስተውላል፤ ከዚያ በፊት ግን የጎደለ ነገር እንዳለም አያውቅም። በዚህ ላይ የድምፁን መውጣትና መውረድ፣ ማለትም ትክክለኛውን ቅላጼ መጨመር ያስፈልጋል። በሆላንዷ የአይንድሆቨን ከተማ የነበረው የስሜት ሕዋሳት ግንዛቤ ምርምር ተቋም ባለሙያዎች የደችኛን የተለመደ ዜማ በባርኔጣ ይመስሉታል፤ በአንዱ ቃል ላይ ይወጣል፣ እላይ ጠፍጥፎ ይቆያል፣ በሌላው ቃል ላይ ይወርዳል። የደቡብ እንግሊዝ ሰው በሰፊው የሚያወጣውንና የሚያወርደውን ቦታ ሆላንዳዊው ጠበብ አድርጎ ስለሚያልፈው ለእንግሊዞች ቀዝቃዛ ወይም ቁጡ ይመስላቸዋል። መምህሬ የተቆጡኝ እየመሰለኝ ከክፍል የወጣሁባቸው ቀናት ነበሩ፤ ጉዳዩ ባርኔጣው ነበር።

አራተኛው ነጥብ፣ ማስመሰል ማላገጥ ነው የሚለው፣ ግማሽ እውነት ያልኩት ነው። ፈረንጅ አማርኛ ሲናገር እያስመሰሉ የሚያስቁ ሰዎች በሁላችንም ቤት አሉ፤ ያ የሚያስቀው ሁለት ሦስት ምልክቶችን አጋንኖ ቀሪውን ስለሚጥል ነው። የጸሐፊው ሰንጠረዥ የሚያደርገውም ይህንኑ መሆኑን እንዳላስተዋሉ እገምታለሁ። ብቻውን ክፍሉን ዘግቶ የመምህሩን አንድ ዓረፍተ ነገር አሥር ጊዜ የሚደግም ተማሪ ግን ማንንም አላላገጠም፤ መምህሩ ፊት ሲቆም በራሱ አነጋገር ይናገር፣ በዚህ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። «ወፍራም አክሰንት የደካማ እንግሊዝኛ ምልክት ነው» ብለው በጎን የጣሏትን ዓረፍተ ነገር ግን ዝም ብዬ አላልፋትም። መሪ ማንሮና ትሬሲ ደርዊንግ በካናዳ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1995 ያሳተሙት ጥናት የአክሰንት ጥንካሬና ንግግር ለአድማጭ ግልጽ መሆኑ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አሳይቷል፤ ጠንካራ አክሰንት ያለው ሰው ንግግር ለአድማጭ ሙሉ በሙሉ ግልጽ ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል የኔይሜኸኑ ቴዮ ቦንኻርትስ እንግሊዝኛን በልጅነት ሳይሆን ቆይተው የተማሩ፣ እንግሊዛውያን ዳኞች ከራሳቸው ሰዎች ያልለዩአቸው ሆላንዳውያንን አግኝቷል፤ እነዚያም ብዙ ሰምተው ብቻ ሳይሆን አጠራርን በትጋት ተለማምደው የደረሱ ሰዎች ነበሩ።

ለልምምድ የምመክረው ጽሑፍ ከአሠልጣኞች ቃለ መጠይቅ ይልቅ በአሜሪካው የጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ የአክሰንቶች የድምፅ መዝገብ የሚጠቀምበትን አጭር አንቀጽ ነው። 69 የእንግሊዝኛ ቃላት ያሉት ሲሆን፣ ስቴላ የምትባል ሴት ከሱቅ የምታመጣቸውን ዕቃዎች ይዘረዝራል፤ ከብዙ አገር የመጡ ሰዎች፣ ሆላንዳውያንም አማርኛ ተናጋሪዎችም፣ ያንኑ አንቀጽ አንብበው ተቀድተዋል። በመጀመሪያ የእንግሊዛዊውን ንባብ አስመስሎ ማንበብ፣ ቀጥሎ የኢትዮጵያዊውን ሰምቶ የራስን አክሰንት ማወቅ፣ በመጨረሻም ሆላንዳዊውን ማስመሰል ይቻላል። «ቦብ» በዓረፍተ ነገር መጨረሻ «ቦፕ» ሲሆን፣ «ቢግ» «ቢክ» ሲሆን፣ «ኪድስ» «ኪትስ» ሲሆን የሰንጠረዡ ሦስተኛ መስመርም ልክ ነው። ወደ አንቀጹ መጨረሻ ግን «ሬድ ባግስ»፣ ሦስት ቀይ ቦርሳዎች፣ ይመጣሉ። በዚያው መስመር መሠረት መሰማት የሚገባው «ሬት ባክስ» ነው፤ የደችኛን ሥርዓት ተከትሎ የሚናገር ሰው ግን «ሬድ ቤክስ» ይላል፤ አናባቢው ወደ «ኤ» ሄዷል፣ «ግ»ዋ ኢነዛሪ ሆናለች፣ የ«ሬድ» «ድ» ግን ከፊቷ «ብ» ስላለች ነዛሪነቷን ይዛ ቀርታለች። ጸሐፊው ይህችን «ድ» በሰንጠረዣቸው ውስጥ በየትኛው መስመር እንደሚያስገቧት ቢያስረዱን ደስ ይለኛል።